ስልኩን ያዢልኝ

ልጁ ገላውን ሲታጠብ ስልኩን የምትይዝለት እህቱ ናት። ማለዳ ማለዳ ሥራዋ ረፈደባት አልረፈደባት ግድ የለውም፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና «እታለም፣ ስልኩን ያዢልኝ» ይላታል። እሷም አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንደከተተች መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ትገተራለች። ከውስጥ ውኃው ቆም ባለ ቁጥር «ጠራ እንዴ?» ይላል። «አልጠራም» ትላለች። ውኃው እንደገና ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ድምፁን አልቀነስሽውም አይደል?» ይመጣል። «ኧረ አልነካሁትም፤ ታጠብ አንተ ልጅ!» ሌላው ሰው ሲታጠብ ይዘፍናል፤ ይሄኛው ግን ጆሮውን አቁሞ ነው የሚታጠበው። ጎረቤት ቤት ስልክ ጮኾ የራሱ መስሎት ሳሙና ዓይኑ ውስጥ እንደገባ እየተደናበረ የወጣበት ጊዜም አለ። ድሮ ዘፈኑ ለጎረቤት ሁሉ ይተርፍ ነበር፤ ድምፁ ለዘፈን የሚሆን አልነበረም እንጂ።

ነገሩ የመጣው የሳሙና ፋብሪካው ለኤሌክትሪሺያንነት ፈትኖት «እንደውልልሃለን፤ ብቻ በተጠራህ ቀን ለመግባት ዝግጁ ሁን» ካለው ወዲህ ነው። ይህንንም ያሉት እንደ ዋዛ፣ በር ላይ ሲሸኙት ነው። በዚያ ፋብሪካ ደግሞ አንድ ደግ ልማድ አለ፤ በጉዳይ የገባ ሰው ሁሉ ሲወጣ ከጥበቃው እጅ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ሳሙና ይሰጠዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የዚያኑ ዕለት ማታ ይታጠብበት ነበር። እሱ ግን «ሲደውሉ ነው የምፈታው» ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ስልኩም የሚውለው እዚያው ነው፤ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚይዘው እዚያ ብቻ ስለሆነ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ሳሙናው ስልኩን የሚጠብቅ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሕግ ሁሉ ተለወጠ። ሬዲዮው ዝቅ ይበል ተባለ። ወንበሩ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ሄደ። ጓደኞቹ መስመሩን እንዳይዙበት እንዳይደውሉ ተነገራቸው። እሷም ብትሆን አልቀረላትም። እናታቸው ካረፈች ጀምሮ ከቢሮ በምሳ ሰዓት እየደወለች «ምሳህን ብላ፣ እሺ?» ሳትለው ውላ አታውቅም ነበር። «እታለም፣ በዚያችው ደቂቃ ቢደውሉስ?» አላት። ተወችው። የተወችው በአፏ ነው እንጂ በሆድዋስ አልተወችውም፤ ስድስት ሰዓት በሞላ ቁጥር እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

ሰፈሩ ልጁን «ብሎን» ይለዋል። ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ እጁ የገባውን ሁሉ ስለሚፈታታ የወጣለት ስም ነው። አድጎ ኤሌክትሪክ ተማረ፤ አሁን የሚፈታውን መልሶ ይገጥማል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። እጁ ሥራ ሲያጣ ያን ያህል እንደሚጨነቅ እህቱ የምታውቀው አሁን አሁን ነው። ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና የሻይ ማንኪያውን እጀታ እያጣመመ መልሶ ያቀና ጀመር። እሷ ዳቦውን ቆርጣ፣ እንቁላሉን ልጣ አቀረበችለት። ትናንት ለምሳው ትታለት የሄደችው ድንች በሣህን እንደተከደነ ምድጃው ላይ ነበር፤ አልተነካም። አየችው። ማየቷንም አየ። እነሱ ቤት ዝምታ ድሮ እንግዳ ነበር፤ አሁን ከሁለቱ እኩል ማዕድ ቀርቦ ቁርስ የሚበላ ሦስተኛ ሰው ሆኗል።

ዝምታዋ ሌላ ምክንያትም ነበረው። እሷ ራሷ የምትሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ጸሐፊ ሆና ነው። «እንደውላለን» የምትለዋን ቃል ከማንም በላይ ታውቃታለች፤ ራሷ ስንቱን ሰው በዚያች ቃል ሸኝታለች። የሚደወለው ለተመረጠው ነው። ያልተመረጠው ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም፤ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ አንድ ቀን ራሱ ይገባዋል። የወንድሟም ነገር ያለቀለት መሆኑን ካወቀች ሰንብታለች። አንዴ ደፍራ «እነዚህ ሰዎች ረስተውህ እንዳይሆን» ብትለው ፊቱ ቅጭም አለ። «እነሱ ሳይሉ አንቺ አትበይ» አላት። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። ደግሞስ ምን ብላ ትንገረው? እህት «አልተፈለግህም» ስትል ያማል፤ ከቤት የመጣ ነገር ከውጭ ከመጣው ይብሳል።

ወደ ሥራ ስትሄድ መንገዱ ላይ ጋሼ በረዶ ጠበቃት። ጋሼ በረዶ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከሥራውም ከአነጋገሩም ነው፤ ሲናገር ቃሉ ከአፉ ሟሙቶ እስኪወጣ ሰው ሌላ ጉዳይ ጨርሶ ይመለሳል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆድ ዕቃው የወጣ ፍሪጅ አጋድሞ ቁጢጥ ብሏል።

«ወንድምሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው ጋሼ። እየጠበቀ ነው።»

«አሃ። እየጠበቀ።» ፒንሳውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ስሚኝ ልጄ። የሥጋ ማከማቻው ቤት ፍሪጆቹን ሁሉ ለእኔ ሰጥቶኛል። ለብቻዬ አልችለውም። ወንድምሽ እጁ ወርቅ ነው፤ አሁኑኑ ግባ፣ ሲጠሩህ ደግሞ ትሄዳለህ አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጋሼ፣ ሙያውን ካስተማሩኝ በኋላ ጥዬዎት ልሂድ? እንደሱማ አላደርግም› አይለኝም! ልሳቅበት ወይስ ላልቅስለት?»

«እሱ እንደዚያ ነው» አለች።

«እወደዋለሁ እኮ። ግን ሥራ አይጠብቅም። ዛሬ ወደ ማታ ሱቄን እስክዘጋ አየዋለሁ። ካልመጣ አንድ ሌላ ልጅ አለ፤ ነገ እሱን ይዤ መግባቴ ነው። እንዳትቀየሚኝ።»

እንዴት ትቀየመዋለች? ስንት ጊዜ ታገሠው። አመስግናው ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ እጀታው ላይ ተንጠልጥላ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ከዛሬ ማታ በፊት አንድ ሰው ለዚያ ልጅ ቁርጡን ሊነግረው ይገባል። ያ ሰው ደግሞ እሷ መሆን የለባትም።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ቀለም ቀለም ትሸታለች፤ ግድግዳዋ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ከተቀባ ዘመኑን የሚያስታውሰው የለም። ከጠረጴዛዋ በስተግራ የብረት ቁም ሣጥን አለ። ከላይ ያሉት መሳቢያዎች የሠራተኞች ናቸው፤ የታችኛው ሳይመረጡ የቀሩት ሰዎች ማመልከቻ የሚገባበት ነው። የታችኛው መሳቢያ ጢም ብሎ ስለሞላ በእጅ አይዘጋም፤ በጉልበቷ ነው የምትዘጋው። ቀሚሷ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ የሚነጣውም ለዚህ ነው። ኃላፊው ዛሬም እንደገባ ክምር አቃፊ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈ። ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት የተወዳደሩት ናቸው። አንዷ ተመርጣ ሥራ ጀምራለች።

«ይኼንን እዚያው ጨምሪው» አላት።

ጎንበስ ብላ መሳቢያውን ከፈተች፤ ጨመረች፤ በጉልበቷ ገፋች። እምቢ አለ። እንደገና ገፋች። ከላይ ያለው አቃፊ ተጣጥፎ ወጣና የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንስታ አየችው። ልጅቱ ለፎቶው ብላ ጸጉሯን ተሠርታለች፤ የኮቷ ትከሻ ሰፍቷታል፤ ከሰው የተዋሰችው መሆን አለበት።

«ለእነዚህ ሰዎች የሚነግራቸው የለም?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥርሱን የሚያመው፣ ሥራ የበዛበት፣ ለልደቷ ኬክ ያመጣላት ሰው ነው። «ምን ብለን?» አላት።

«አልተሳካም ብለን።»

«ከዚያ ‹ለምን?› ይሉሻል። ‹ለምን› ላለ ሰው ምን ልመልስ? ደግሞ ዝም ካልናቸው ራሳቸው ይረዱታል።»

«አይረዱትም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ስልክ ይዘው ነው የሚቀመጡት።»

ትንሽ አያት፤ ጉንጩን በመዳፉ ደገፍ አድርጎ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን ገርበብ አደረገው።

እሷም ተቀመጠችና ነገር ዓለሙን ትታ የሳሙና ፋብሪካውን ቁጥር መታች። የዚያኛው ቢሮ ጸሐፊ አነሳች። ሻካራ፣ ሳቂታ ድምፅ ያላት ሴት ናት። የሥራ ባልደረባ ከሥራ ባልደረባ ጋር ሲነጋገር ነገሩ ይቀላል፤ ስለ ፋይል መብዛት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ትንሽ ተባባሉና እህትየው ወደ ጉዳይዋ ገባች። የኤሌክትሪሺያኑ ቦታ ምን ደረሰ?

«እሱማ ድሮ ተያዘ እኮ! ሰውየው ሥራ ለምዶ፣ ከሰው ተጣልቶ፣ ታርቆ!» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

ይህን እንደምትሰማ ታውቅ ነበር። ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። «ታዲያ ለቀሩት ለምን አትደውሉላቸውም?» አለች፤ ቁጣዋን መያዝ አቃታት።

ሴትዮዋ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «እናንተ ትደውላላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

የታችኛው መሳቢያ አፉን ከፍቶ ያያታል። «አይ» አለች በመጨረሻ፤ «እኛም አንደውልም።»

«አየሽ! ሁላችንም አንድ ነን» አለች ሴትዮዋ፤ ቆየት ብላ ደግሞ፣ «የማን ነው ልጁ? ያንቺ ነው?»

«ወንድሜ ነው።» ስሙንና መልኩን ነገረቻት፤ ረዘም ያለ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ።

«ውይ! ያ ማራገቢያችንን የጠገነው!» ሴትዮዋ ጮኸች። «ተራው እስኪደርስ የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ተቀምጦ፣ ማራገቢያው ሲንቋቋ አላስችል ብሎት፣ ወንበር ላይ ወጥቶ በሳንቲም ብሎኑን አጠበቀው እኮ! አሁን ካንቺ ጋር ስናወራ እንኳ ማራገቢያው ከራሴ በላይ እየዞረ ነው፤ አምጥቼ እኔ ክፍል አስገባሁት። አልነገረሽም?»

አልነገራትም። «እባክሽ፣ በሞቴ፣ ደውለሽ ንገሪው» አለች። «ዛሬ ማታ ሳይመሽ ሌላ ሥራ ሊያመልጠው ነው። ከእኔ አይሰማም።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አለቃዋ ይህን አይወድም፤ ባለፈው አንድ ሰው ተነግሮት በር ላይ ጠብ አንስቷል፤ አሁን እሷ በስልክ ስትናገር ከኋላዋ ያዳምጣል። «እንደዚህ እናድርግ» አለች። «አንቺው ንገሪው፤ በእኔ ስም። እኔ እንደነገርኩት ቁጠሪው። ማራገቢያውን ግን አመስግኚልኝ፤ እንዳትረሺ።»

እህትየው ስልኩን ዘጋች። ጭኗ ላይ አሁንም የልጅቱ ፎቶግራፍ ነበር። «እናንተ ትደውላላችሁ?» የሚለው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ ቆሽቷን ያሳረራት ደግሞ ተገቢ ጥያቄ መሆኑ ነው። መሳቢያውን ስባ የግምጃ ቤቱን አቃፊዎች መልሳ አወጣች። አስቀድማ ፎቶግራፏ ለወደቀባት ልጅ ደወለች።

ያነሱት አባትየው ናቸው። «አቤት! አቤት!» ይላሉ፤ ስልኩን አፋቸው ላይ ይሁን ጆሯቸው ላይ የያዙት አይታወቅም። «ልጄ ገበያ ወጥታለች። እሷ ስትወጣ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳልዘጋው እየፈራሁ ነው። ማን ልበል?»

እህትየውስ ስልክ ያዥ በዓለም እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነበር። ቀስ ብላ ነገረቻቸው፤ ልጅዎ ስለተወዳደረች እናመሰግናለን፤ በዚህኛው አልተሳካም፤ እስካሁን ሳንደውል በመቆየታችን ይቅርታ።

«ተመስገን» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ አልተቀበልናትም እኮ ነው የምለው» አለች፤ ያልሰሟት መስሏት።

«ሰምቻለሁ ልጄ። ታላቅ እህቷ ጋ፣ ሌላ ከተማ፣ ሥራ አለ ተብላ ሻንጣዋ ታስሮ ነው የከረመው። እናንተ ስትደውሉ ሄጄ ቢሆንስ ብላ። አሁን ትሄዳለች በቃ። እደጊ፤ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ።» ከዚያ ስልኩን መዝጋት አቅቷቸው ረጅም ጊዜ ሲተነፍሱ፣ ለራሳቸው «ይቺ ናት እንዴ? ቀይዋ ናት?» ሲሉ ተሰማ። እሷም ቶሎ መዝጋት አልሆነላትም።

ሁሉም እንደ ሽማግሌው አልሆነም፤ እንደዚያ ቢሆንማ ማን ይቸገር ነበር። አንዱ ከት ብሎ ሳቀባት፤ ሌላ ቦታ ገብቶ የመጀመሪያ ደመወዙን በልቷል። አንዷ ደግሞ ገና ነገሩን ሳትጨርስ ጮኸችባት። «ይኼን ለማለት ነው የደወልሽው? እኔ ቀለም ፋብሪካ የሚለውን ስልክ ሳይ ልጄን ጥዬ ሮጬ! ለምን እኔን? ለምን? ከዚያችኛዋ በምን አንሳለሁ?» እህትየው «እህቴ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ…» አለች። ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። ይኼኔ ገርበብ ያለው በር ተከፈተ። ኃላፊው ጉንጩን እንደያዘ ወጣና ምንም ሳይል እጁን ዘረጋ። እሷም መነጫነጩን እየጠበቀች የስልኩን እጀታ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ የፈተንኩሽ» አለ ኃላፊው ወደ ስልኩ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ዕቃ በሹካ የሚያነሣውን መኪና፣ ፎርክሊፍቱን፣ የሚነዳ ሰው ነበር የምንፈልገው። ይህንን ማስታወቂያው ላይ አልጻፍንም። መጻፍ ነበረብን፤ ጥፋቱ የኛ ነው። በፈተናውስ ከማንም አላነስሽም።» አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ ልክ ነሽ።» ከዚያ እጀታውን መለሰላትና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ማን ደውዪ አለሽ?» አላት።

«ማን ከለከለኝ?» አለችው፤ ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ኃላፊው አቃፊዎቹን አየ፤ ክፍት መሳቢያውን አየ። «‹ለምን› የሚሉትን ወደ እኔ አስተላልፊ» አለና ገባ።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ሰው ሁሉ ለምሳ ወጣ። ያልደወለችው አንድ ስልክ ብቻ ቀረ፤ ትልቁ፤ የወንድሟ። የቢሮው ቁጥር ወንድሟ ስልክ ላይ «እታለም ቢሮ» ተብሎ ስለተመዘገበ በእሱ አይሆንም። ፅዳት የሚሠሩትን እማማን ተከትላ መተላለፊያው ድረስ ሄደች። እማማ ባልዲያቸውን ደፍተው ተቀምጠውበት ዳቦ ይበላሉ። «እማማ፣ ስልክዎን ላንዲት ደቂቃ» አለቻቸው። «ባል አገኘሽ እንዴ?» አሉ እማማ፤ ሰጧት። ደረጃው ሥር ገባች። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ለራሷ ሥራ ስትፈተን እንኳ እንደዚያ አልፈራችም።

አንዴ ሳይጠራ ተነሳ። የወንበር መውደቅ ተሰማ፤ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ነው።

«አቤት!»

«ከሳሙና ፋብሪካው ነው የምደውልልዎት» አለች በመሐረቡ ውስጥ። «ለኤሌክትሪሺያንነት ተፈትነው ነበር።»

«አዎ። አዎ እመቤቴ። እኔ ነኝ።»

ያ «እመቤቴ» ልቧን ስንጥቅ አደረገው። ቶሎ ልትጨርሰው ፈለገች። «ስለመጡልን እናመሰግናለን። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። አልተሳካም። ቀደም ብለን መንገር ሲገባን ስላስጠበቅንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ወደ መሬት እያየ፣ ታየት። እጇን ዘርግታ ራሱን ልትዳብሰው አማራት፤ ምን ታድርግ፣ በስልክ እጅ አይዘረጋ።

«የእንግዳ ማረፊያውን ማራገቢያ የጠገኑት እርስዎ ነዎት አሉ» አለች። «እስካሁን ይሠራል። ጸሐ… እኔ ክፍሌ አስገብቼዋለሁ። በጣም ነው የማመሰግንዎት።»

«ብሎኑ ላልቶ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ሌላ ችግር የለበትም።»

«እንግዲህ ሌላ ሥራ ካገኙ እኛን ሳይጠብቁ ይጀምሩ። ይቅናዎት።»

«እሺ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።»

እዚህ ላይ ዘግታው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባማረ ነበር። ነገር ግን ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ የታፈነ ነገር አፏ ላይ ቆሞ ነበር። «ደግሞ ምሳህን ብላ፣ እሺ?» አለችው።

ምላሷን ነከሰች። መሐረቡን ጥርሷ ውስጥ ከተተች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ወንድሟ «እሺ» አለ፤ ስልኩ ተዘጋ። እማማ ከመተላለፊያው ብቅ ብለው «ባል ነው ብያለሁ!» አሉ። ከሰዓት በኋላ እህትየው እስከ መውጫ ድረስ እየተሳሳተች የጻፈችውን ሁሉ ደግማ ጻፈች።

ገና ሳይመሽ ተመለሰች። ከአውቶቡስ ወርዳ ጋሼ በረዶ ሱቅ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ያ ሆድ ዕቃው የወጣው ፍሪጅ ብቻ ደጃፉ ላይ ተጋድሟል። «ሱቄን እስክዘጋ» ብሎ አልነበር? ፀሐይ እንኳ ገና ነች። እንግዲያው ልጁ አልመጣም፤ ጋሼም ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ እሷም ወንድሟን በሁለት በኩል አሳጣችው። ያቺን ጠማማ ምላሷን ረገመቻት። ልጁ ነገሩን ሲያውቅ፣ እህቱ በመሐረብ ተሸፍና ስታታልለው፣ ምን ተሰምቶት ይሆን? መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አላወቀችም።

ቤት ስትገባ መስኮቱ ደፍ ባዶ ነው። ስልኩም የለም፤ ሳሙናውም የለም። የወደቀው ወንበር ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። ምድጃው ላይ ያለውን ሣህን ከፈተችው፤ የትናንቱ ድንች ተጠርጎ ተበልቷል። አልጋው ላይ አየች፤ ስልኩ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው፣ ትራሱ ሥር ግማሹ ገብቷል። ቢጫው ወረቀት መሬት ላይ ወድቋል። ከመታጠቢያ ቤቱ የውኃ ድምፅ ይመጣል። ከውኃው ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። ወንድሟ ይዘፍናል። እንደ ድሮው፣ ዜማውን እያበላሸ።

ስልኩን አንስታ ሄደች፤ ለምን እንዳነሳችው አላሰበችውም፤ እግሯ ለምዶ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ዘፈኑ ቆመ።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ደወሉ።»

«እ?» አለች። «ምን አሉ?»

«አልተሳካም።» ውኃው ትንሽ ወረደ። «ሴትዮዋ ግን ደህና ሰው ናት። ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፣ ድምፅዋ ታፍኗል።»

እህትየው በሩን ተደገፈች።

«ስለ ማራገቢያው ጠይቃ አውቃለች» አለ፤ ድምፁ ከበፊቱ ዝቅ ብሏል። «እኔ ለማንም አላወራሁም። ሰው ስለኔ ብሎ ይደውላል፣ ይጠይቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።» ውኃውን ዘጋው። «ምሳህን ብላ አለችኝ።»

«በላህ?»

«በላሁ። ከዚያ ወደ ጋሼ በረዶ ሮጥኩ። ሳገኘው ያለ ልማዱ ቶሎ ቶሎ አወራ፤ ሱቁን ዘግቶ ወዲያው የሥጋ ማከማቻው ቤት ይዞኝ ገባ። ነገ በጠዋት እንቀጥላለን። አቤት የዚያ ሞተር ግራሶ! በቤቱ ሳሙና እምቢ ብሎኝ ነው ያንን የፈታሁት።» ከበሩ ሥር ደህና የሳሙና ሽታ ወጣ። «አንቺ ግን እዚያ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። «ስልክህን ይዤልህ ነው» አለች፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«አስቀምጪው እታለም» አላት። «የሚደውል ደውሏል።»

ውኃው እንደገና ወረደ፤ ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ። እሷም ስልኩን ትራሱ ሥር መልሳ ከተተችና የራት ድንች ልትልጥ ተቀመጠች።